ንድፍ የማትነድፍ ሠዓሊና ንድፍ የጠየቀ ሆቴል

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ፍሬም ስሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሸራ እወጥራለሁ፣ እንጨት እቆርጣለሁ፣ መስታወት እገጥማለሁ። ሠዓሊዎች ሱቄ ቁጭ ብለው ቡና ሲጠጡ የሚያወሩትን እሰማለሁ። አብዛኛው የቤት ኪራይ ወሬ ነው። ስለ ጥበብ የሚወራው ኪራዩ ሲከፈል ነው።

እዚህ የጻፍኩት ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 ዓ.ም. ፋሲካ ድረስ በቅርብ ያየሁትን ነው። ያለ ንድፍ፣ በደመ ነፍስ የምትሥል አንዲት ሠዓሊ ከአንድ ሆቴል ትልቅ ትእዛዝ ተቀበለች። ትእዛዙ ከሥራዋ ሊያጣላት ትንሽ ቀርቶት ነበር። እኔም መሀል ገብቼ አንዳንዱን አበላሽቻለሁ፣ አንዳንዱን አቃንቻለሁ። የሰውም የሆቴሉም ስም አይጠቀስም። ሠዓሊዋ ጽሑፉን አንብባ ሁለት ቦታ አርማኛለች። የክፍያውን መጠን እንዳልጽፍም አስምላኛለች።

ሠዓሊዋ

አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት። የሥዕል ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ዐሥራ አራት ዓመት የሠራችው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። ፋብሪካ ውስጥ አቆራረጡ ሕግ አለው። የካርቶን ልኩ ጨርቁ ላይ ይቀመጣል፣ ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል፣ ከዚያ ይቆረጣል። እሷ ግን ለናሙና የሚሰፋ ልብስ ሲመጣ ያለ ካርቶን ትቆርጥ ነበር። አለቆቿ መጀመሪያ ተቆጡ፤ በኋላ ራሳቸው ናሙናውን ሁሉ ወደ እሷ ይልኩ ጀመር።

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ወጣች። ያኔ ነው ቤቷ በተረፈ አቡጀዲ ላይ መሣል የጀመረችው። እንዴት ደፈርሽ ስላት፣ «ጋሼ፣ ሸራ ማለት ጨርቅ አይደል? ጨርቅ ደግሞ አልፈራም» አለችኝ።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ሸራውን ወለል ላይ ታነጥፋለች። የቀጠነ ቀለም አንድ ቦታ ታፈሳለች። ቁጭ ብላ ታየዋለች። ሸራውን ታዞራለች፤ ላዩ ታች ይሆናል። ከዚያ ትገባበታለች። መጨረሻው ምን እንደሚሆን አታውቅም። ብትጠይቋት «እጄ ነው የሚያውቀው» ትላለች። ሥዕሉ ማለቁን በምን ታውቂያለሽ ስላት የሰጠችኝን መልስ ግን አልረሳውም። «ሲዘጋኝ» አለች። ሰው ሲዘጋችሁ እንደሚባለው ነው። ሥዕሉ ማናገር ሲተዋት ብሩሹን ታስቀምጣለች።

ስለዚህ ዓይነት ሠዓሊ ሲወራ «ከሰማይ የወረደ ተሰጥኦ» ምናምን ማለት ይቀናናል። እኔ አላምንበትም። ሩሲያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪ ሥራዎቹን በሦስት ይከፍላቸው ነበር። ከውጭ ካየው የመነጨውን «ኢምፕሬሽን»፣ ከውስጡ በድንገት የወጣውን «ኢምፕሮቪዜሽን»፣ ቆይቶና አብሰልስሎ የሠራውን «ኮምፖዚሽን» ይለዋል። «ኮምፖዚሽን 7» የተባለውን ትልቅ ሸራ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1913 በአራት ቀን ጨረሰው። ለሚያየው ሰው በአንድ ትንፋሽ የፈሰሰ ይመስላል። ከዚያ በፊት ግን ከ30 በላይ ጥናቶች ሠርቶለታል። የኛዋ ሠዓሊ ጥናቶቿን የሠራችው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ቅርጽን በዓይኗ ለክታለች። «እጄ» የምትለው ያንን ነው።

እንደሷ ያለ ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም ሰው ወይም ዕቃ አስመስሎ የማያሳይ ሥዕል፣ እኛ አገር እንግዳ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጀርመን ተመልሶ የሠራቸው ሥዕሎች ሰዉን አከራክረዋል። እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጥቶ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 እዚሁ አስተምሯል፤ የጠልሰምና የክታብ ምልክት ከራሱ ሕልም ጋር የተደባለቀበትን ሥራ ትቶልናል። ሁለቱም ግን ተምረው ነው። ስለዚህ ሰዉ የሷን ሥራ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ተማረች?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ በኋላ ለመጣው ጣጣ አንዱ ሥር ይመስለኛል። ያልተማረ ሰው «ንድፍ አምጣ» ሲባል፣ አልችልም ከማለት ይልቅ እሺ ማለት ይቀለዋል።

ትእዛዙ

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአንድ የጋራ ዐውደ ርዕይ ላይ ባለ ሰማያዊ ሥዕሏን አንድ ሆቴል ገዛት። 90 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። የእንግዳ መቀበያው ላይ ሰቀሉት። ሰው ወደደው መሰለኝ፣ በጥቅምት 2015 የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደወለላት። ስድስት ሥዕል ይፈልጋሉ፤ እያንዳንዱ 120 በ150። ለመተላለፊያውና ለምግብ አዳራሹ ነው። «ልክ እንደ ሰማያዊው» አላት።

ሁኔታዎቹ ግልጽ ነበሩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለስድስቱም ባለቀለም ንድፍ ታቀርባለች። ባለቤቱ አይተው ያጸድቃሉ። ቀብዱ የሚከፈለው ንድፉ ከጸደቀ በኋላ ነው። የተጠናቀቀው ሥዕል ከንድፉ ጋር «መመሳሰል» አለበት። ከሆቴሉ በኩል ስታዩት ምንም ክፉ ነገር የለውም። ወንበር ሲያዝዙም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት።

እሷ በስልክ እሺ አለች። ከዚያ ሱቄ መጣችና ቁጭ አለች። ቡናውን ቀዳሁላት፤ አልጠጣችውም።

ያልሠራው

መጀመሪያ እንደተባለችው አደረገች። ወረቀትና የቀለም እርሳስ ገዝታ ንድፍ ልትሠራ ተቀመጠች። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሞላችውን ወረቀት ቆጥሬዋለሁ፤ 43 ነበር። ሁሉም የልጅ ደብተር ይመስላል። ትንሽ ወረቀት ላይ እጇ አይንቀሳቀስም፤ እሷ ከትከሻዋ ነው የምትሥለው። «ገና ሳልጀምራቸው ዘጉኝ» አለችኝ።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ከጎረቤቴ ፎቶ ቤት ፕሮጀክተር ተዋስኩ። የሰማያዊውን ሥዕል ፎቶ ሸራ ላይ አብርተን መስመሩን እንድትከተል ነገርኳት። መልኩን ትንሽ ትንሽ እየለዋወጥን ስድስት እናወጣለን ብዬ ነበር። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሠራች። ሲያልቅ ሁለታችንም ዝም አልን። ቅርጹ ያው ነው። ቀለሙም ያው ነው ማለት ይቻላል። ግን የመጀመሪያው ላይ እጇ የተጠራጠረበት፣ ቆም ብሎ የተመለሰበት ቦታ ሁሉ አሁን ለስልሷል። «ይሄ የኔ እጅ አይደለም» አለች፤ «በኔ እጅ የሚያሾፍ ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ ለዐሥራ ሁለት ቀን ብሩሽ አልነካችም። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን አይደለም። ነገሩ እንዴት እንደሚበላሽ ለማሳየት ነው። ውጤቱ አስቀድሞ ሲነገራት እጇ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ፤ ካርቶን ፍለጋ። ልዩነቱ አሁን ካርቶኑን ራሷ መሥራት ነበረባት።

የሦስት ሳምንቱ ቀጠሮ አለፈ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ደወለ። እሷ ስልክ አላነሳችም። ይህም ስሕተት ነበር፤ አውቃዋለሁ፣ እሷም ታውቀዋለች።

ሰማያዊው ሥዕል መርገፍ ጀመረ

በኅዳር አጋማሽ ሆቴሉ እኔ ጋ ደወለ፤ የፍሬሙ ጀርባ ላይ የሱቄ ስልክ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠዋት ስትጠርግ ከሥዕሉ ሥር ሰማያዊ ቅርፊት አገኘች። በማግሥቱም አገኘች። ሄጄ አየሁት። በስተቀኝ በኩል የመዳፍ ስፋት ያለው ቦታ ላይ ቀለሙ ተሰንጥቆ ጫፉ ተነሥቷል።

ሥዕሉን ከግድግዳ አውርጄ በጀርባው አስተኛሁትና በታክሲ ወደ ሱቅ አመጣሁት። ቅርፊቱን በአጉሊ መነጽር ሳየው ጀርባው ያብለጨልጫል፤ ቅባት ነው። ፊቱ ደግሞ ደርቆ ፕላስቲክ ሆኗል። ሠዓሊዋን ጠርቼ ከሥር ምን ነበር አልኳት። አላስታወሰችም። ከዚያ አሸተተችው። «ተልባ» አለች። ወዲያው ትዝ አላት። አንድ ጓደኛዋ የዘይት ቀለም በስጦታ ሰጥቷት ነበር። ሰማያዊውን በሱ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን እላዩ ላይ በአክሪሊክ ቀጠለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ጀማሪ አለና። የዘይት ቀለም የሚያያዘው በተልባ ዘይት ነው። ዘይቱ እንደ ውሃ ተኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ላዩ ለእጅ እስኪደርቅ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ውስጡ እስኪጠነክር ወራት፤ ወፈር ካለ ዓመት። አክሪሊክ ሌላ ዓለም ነው። ውሃው ሲተን የፕላስቲክ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው አንድ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። እንግዲህ ከሥር የሚንቀሳቀስ ቅባት፣ ከላይ የደረቀ ፕላስቲክ። አክሪሊክ ቅባት ላይ አይጣበቅም። ተገልብጦ ቢሆን፣ አክሪሊኩ ከሥር ዘይቱ ከላይ ቢሆን፣ ምንም አይል ነበር። የድሮ ሠዓሊዎች ሕግ ይህችው ናት፤ ስሱ ከታች፣ ቅባቱ ከላይ።

ሁለተኛም ጉዳይ አገኘሁ። ሌሎች ሥራዎቿን ሳይ አንዳንዱ ላይ ቀለሙ ሲነካ እንደ ዱቄት ይላቀቃል። እነዚያ ላይ ዘይት የለም። ሁሉም በኅዳርና በታኅሣሥ የተሠሩ ናቸው። የምትሥለው ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው፤ የምትሥለውም ልጆቿ ሳይነሡ፣ ጎሕ ሲቀድ። አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ቅንጣቶቹ በደንብ አይዋሐዱም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በነዚያ ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቆርቆሮ ደግሞ ብርድ ይይዛል እንጂ አይከለክልም። የሙቀቱ ነገር በቀለሙ ቱቦ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ማን አንብቦት ያውቃል?

እሷ ቀለም ደርባ ልትደፍነው ፈለገች። ከለከልኳት። ሥዕል ማከም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እኔም እሷም አናውቀውም። ከላይ የሚጨመር ቀለም ክብደት ነው፤ የተነሣውን ጫፍ ይዞት ይወርዳል።

መዞሪያው

ሁለታችንም ሆቴሉ ሄድን። እኔ ሙሉውን ነገርኳቸው። የረገፈው ለምን እንደሆነ፣ የማን ስሕተት እንደሆነ፣ ሌላም ሊረግፍ እንደሚችል። ገንዘባቸውን እንመልሳለን ወይም በሌላ ሥዕል እንለውጣለን አልን። ሥራ አስኪያጁ የጠበቅኩትን ያህል አልተቆጣም። «ንድፎቹስ?» አለ እንጂ።

ያኔ ነው ሠዓሊዋ ያን ሁሉ ሳምንት ያልደፈረችውን የተናገረችው። «ንድፍ አልችልም፤ ሠርቼም አላውቅም» አለች።

ሆቴሉ ያመጣት የቤት ውስጥ ዲዛይነር እዚያው ነበረች፤ ወጣት ልጅ ናት። እስካሁን ዝም ብላ ስትሰማ ነበር። «ስትሠሪ መጥቼ ማየት እችላለሁ?» አለች። በሳምንቱ መጣች። ቆርቆሮ ክፍሉ ውስጥ በርጩማ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጠች። ሠዓሊዋ አንድ ሸራ ጀመረች፣ አዞረችው፣ አበላሸችው፣ ተወችው። ዲዛይነሯ ስትወጣ ያለችው ነገር ጉዳዩን ፈታው። «እኛ የሚያስፈልገን ንድፍ ሳይሆን ምርጫ ነው» አለች።

እኔ ለሁለት ወር ያላየሁትን ይህች ልጅ በአንድ ጠዋት አየችው። እኔ ሠዓሊዋ ወደ ትእዛዙ እንድትጠጋ ስገፋት ነበር። ትእዛዙ ወደ ሠዓሊዋ ሊጠጋ እንደሚችል ትዝም አላለኝ።

ውሉ እንደገና ሲጻፍ

አዲሱ ውል በታኅሣሥ ተፈረመ። ሠዓሊዋ ከስምንት ያላነሱ ሥዕሎች ትሠራለች፤ ሆቴሉ ስድስቱን ይመርጣል፤ የቀረው የሷ ነው። መጠኑ የተወሰነ ነው። የማስረከቢያ ቀኑ የተወሰነ ነው። ይዘቱ ላይ ማንም አይናገርም። ሆቴሉ ሁለት ጊዜ መጥቶ ማየት ይችላል፤ እያየ ግን አስተያየት አይሰጥም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያስገባችው ዲዛይነሯ ናት። 40 በመቶ ቀብድ በፊርማው ቀን ይከፈላል፤ አይመለስም።

ቀለሙስ? ሆቴሉ ምንጣፉንና መጋረጃውን አስቦ ቢያንስ የቀለሙን ዓለም ማወቅ ፈለገ። ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ሠዓሊዋ ራሷ መላ አመጣች። መርካቶ ሄዳ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገዛች። ሰማያዊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ የከሰል ዓይነት ግራጫ፣ አንድ ብርቱካን። ጠረጴዛ ላይ ደርድራ «በነዚህ ውስጥ ነው የምሄደው» አለቻቸው። ባለቤቱ ጨርቁን በእጃቸው ዳስሰው ተስማሙ። በ43 ወረቀት ያልሆነው በአንድ ፌስታል ጨርቅ ሆነ።

ሁለት ነገር በጠበቃ ምክር ጨመርን። አንደኛው የቅጂ መብት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትእዛዝ የተሠራ ሥራን የኢኮኖሚ መብት፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ ለአዛዡ ይሰጣል። ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ይህን አያውቁም፤ ሥዕሉን ሸጥኩ እንጂ መብቱን አልሸጥኩም ብለው ያስባሉ። በውሉ ላይ የማባዛት መብቱ የሠዓሊዋ እንደሆነ በአንድ መስመር ተጻፈ። ሁለተኛው ግብር ነው። ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አልነበራትም። በጊዜው ሕግ ቲን ለሌለው ሰው ሲከፈል 30 በመቶ ይቀነስ ነበር፤ ላለው 2 በመቶ። ልዩነቱን ስነግራት በማግሥቱ ጠዋት ሄዳ ተሰለፈች።

ልንቀበለው ያመነታነው ነገርም ነበር። ሆቴሉ ቀለሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ቢረግፍ በነጻ እንድትተካ ጠየቀ። ከሰማያዊው በኋላ እምቢ ለማለት አፍ አልነበረንም።

ሥራው

ዐሥራ አንድ ፍሬም ሠራሁ፤ በዚህ መጠን እንጨቱ ስለሚጣመም መሀሉ ላይ መስቀለኛ አስገባሁ። አቡጀዲውን ትተን ወፍራም የጥጥ ሸራ ወሰድን። መጀመሪያ ኮላ፣ ከዚያ ሦስት ዙር ጄሶ (ከቀለሙ በፊት ሸራው ላይ የሚቀባው ነጭ ቅብ)፤ በየዙሩ መሀል በብርጭቆ ወረቀት ማሻሸት። ይህን ሁሉ እኔ ሠራሁት። እሷ ሸራውን የምትቀበለው ነጭና ዝግጁ ሆኖ ነው። የዘይት ቀለም ከክፍሉ ወጣ፤ ማቅጠኛው አኳራጅም አብሮ ወጣ። ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትር ሰቀልኩ። 15 ዲግሪ ካልሞላ አይሣልም። በተግባር ይህ ማለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ሥራ የለም ማለት ነው።

ቴርሞሜትሩን ጠላችው። «አሁን ደግሞ ሙቀት እስኪፈቅድልኝ ልጠብቅ?» አለች። ለሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ምን እንደምታደርግ ጠፋት። በኋላ ጊዜውን ሸራ ለማየት ተጠቀመችበት። ሳትነካ ማየት። ይህን ያቀድኩት አይደለም፤ ግን ከሁሉ የጠቀማት እሱ ይመስለኛል።

ማስታወሻ ደብተርም አስያዝኳት። የልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ከመሣል በፊት ምንም አይጻፍም፣ ከሣሉ በኋላ ይጻፋል። ቀኑ፣ የትኛው ቀለም፣ ከምን ጋር ተደባለቀ፣ ስንት ዙር። እሷ የራሷን ጨመረችበት። አንዱ ገጽ ላይ «ግራጫው በዛ። እናቴ ደወለች» ይላል። ሌላው ላይ «ዛሬ ዘጋኝ፣ ግን ማታ ይታረቀኛል» ይላል። ደብተሩን ሳነብ በደመ ነፍስ የሚባለው ነገር ምን ያህል ውሳኔ እንዳለበት አየሁ። አንዱ ሥዕል ላይ ብርቱካኑን አራት ጊዜ አስገብታ አራት ጊዜ አጥፍታዋለች።

በየደረጃው ፎቶ ማንሣትም ሞክረን ነበር። በሦስተኛው ቀን ተውነው። ለፎቶው ማሳመር ጀመረች፤ መሀል ላይ አስቀያሚ መሆን ያለበት ሥዕል አስቀያሚ ለመሆን ፈራ።

ከዐሥራ አንዱ ሦስቱ ሞቱ። ጄሶ ቀባንባቸው። ከቀሩት ስምንት አብዛኞቹ ሁለትና ሦስት ሳምንት ወሰዱ። አንዱ ግን በየካቲት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ተጠናቀቀ። ደውላ «ና ቶሎ» አለችኝ። ስደርስ እጇን ታጥባ ተቀምጣለች። ሁለት ትላልቅ ግራጫ ቅርጾች፣ መሀላቸው ልብስ ሲቀደድ እንደሚታየው ያለ ሰማያዊ ክፍተት። ሌላ ምንም የለም።

ርክክቡና የቀሩት ችግሮች

ከፋሲካ በፊት በመጋቢት ሆቴሉ መጥቶ መረጠ። ያችን የአንድ ሰዓት ተኩሏን አልመረጧትም። ባለቤቱ «ይቺ አላለቀችም» አሉ። በውሉ መሠረት ምርጫው የነሱ ነው፤ ዝም አልን። እኔ አሁንም ከስምንቱ የምትበልጠው እሷ ናት እላለሁ።

ስለ መብራት ማናችንም አላሰብንም። መተላለፊያው ላይ ያለው አምፖል ቢጫ ነው። ጨርቁን የመረጥነው በቀን ብርሃን፣ ሥዕሉ የተሠራውም በቀን ብርሃን። ሲሰቀል ሰማያዊው ወደ ጭቃ አረንጓዴ ሄደ። ዲዛይነሯ ተሟግታ የሦስቱን አምፖል አስለወጠች። የቀሩት ሦስቱ እስከ ዛሬ ጭቃ ናቸው።

የመጨረሻው ክፍያ በሁለት ወር ዘገየ። ውሉ ላይ የማስረከቢያ ቀን ጽፈን የመክፈያ ቀን አልጻፍንም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚገባችሁ ስትጠብቁ ነው። በግንቦት ደግሞ ከስድስቱ አንዱ በምግብ ዝርዝሩ ሽፋን ላይ ታትሞ ተገኘ። ያችን አንድ መስመር አሳየናቸው። ይቅርታ ጠይቀው ከፈሉ። ብዙ አይደለም፤ ግን ከፈሉ።

ከሁሉ የከበደው በወረቀት የማይጻፍ ነው። ከርክክቡ በኋላ አራት ወር አልሣለችም። ደክሟት ብቻ አልነበረም። እነዚያ አራት ቀለሞች ከዓይኗ አልጠፉም። የጀመረችው ሁሉ ወደ ሆቴሉ መተላለፊያ ይሄድባታል። ጨርቁን አቃጠለችው፤ አልረዳትም። የተመለሰችው በክረምቱ ማብቂያ፣ የልጇን ዩኒፎርም ስትጠግን፣ በተረፈው ቁራጭ ላይ ነው።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ሌላ ሠዓሊ ተመሳሳይ ነገር ሲገጥመው እኔ ጋ ከመጣ የምነግረው በአብዛኛው ይህን ነው። ነጻነቱ ብሩሹ ሸራውን ከነካበት እስኪለቅበት ላለው ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው በሥርዓት መሠራት አለበት፤ ሸራው፣ የቀለሙ ዓይነት፣ ሙቀቱ፣ ውሉ፣ ደብተሩ። ሠዓሊዋ ራሷ ይህን ሥርዓት ባትወደው ግድ የለም። ሌላ ሰው ይያዝላት። ዘይትና አክሪሊክ የተጣሉት እሷ በደመ ነፍስ ስለሣለች አይደለም፤ ከሥር ምን እንዳለ የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው።

ንድፍ የማይሠራ ሰው ንድፍ ሲጠየቅ በመጀመሪያው ስልክ ላይ ይናገር። እኛ ሁለት ወር አቃጥለናል። አዛዡ በንድፍ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ መተማመኛ ነው። መተማመኛውን በሌላ መንገድ መስጠት ይቻላል። ከሚያስፈልገው በላይ ሠርቶ ማስመረጥ አንዱ ነው፤ ዋጋውም ውስጥ መግባት አለበት፤ እኛ አላስገባንም፣ ሁለቱ ትርፍ ሥዕሎች ይክሱናል ብለን ነበር። እስካሁን የተሸጠው አንዱ ነው። ቀለሙን በጨርቅ ማሳየት ደግሞ ለሷ ሠራ፤ ለሌላው ምናልባት ድንጋይ ወይም ቅጠል ይሆናል። ከወረቀት ውጭ የሚያውቀው ነገር ካለ በዚያ ያሳይ።

«ልክ እንደዚያኛው» ሲባል የሚደነግጥ ሠዓሊ ካለ ደግሞ ድንጋጤውን ይመን። መድገም ይቻላል የሚል ሠዓሊ አውቃለሁ፤ ይደግማልም፤ ጥሩም ይበላል። እሷ አትችልም። አለመቻሏን እንደ ጉድለት ያየሁበት ጊዜ ነበር። ያን ቅዳሜ ፕሮጀክተሩን ያመጣሁት ለዚህ ነው።

አሁን

የረገፈው ሰማያዊ ሥዕል ሱቄ ውስጥ ጀርባው ላይ ተኝቷል። ለሆቴሉ በሱ ፈንታ ሌላ ሰጠናቸው። አንድ ደንበኛ ዋጋውን ጠይቆኝ አይሸጥም አልኩት። የወደቀውን ቅርፊት እየለቀምኩ በአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አጠራቅም ነበር፤ አንድ ቀን ሥዕል የሚያክም ሰው ቢገኝ ይጠቅማል ብዬ።

ባለፈው ቅዳሜ መጣች። ብልቃጡን አነሣች፣ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው፣ አንቀጨቀጨችው። ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን ልታደርጊበት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም።